ጉጥ ያልነው እብጠት

ለእናቴ፣ በእህቴ በኪን ሌ አንደበት ለምትሰሚው፤

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽ የዘንድሮን ዝናብ እንዴት ቻለው? የጠዋቱ ጉም ሲገፈፍ የማዶው ፓጎዳ ጫፍ ለዓይንሽ ይለያል ወይስ እንደ አምናው ይደበዝዝብሻል? የቤታችን ምሰሶዎች፣ ያ በሰሜን በኩል ያዘመመው ሳይቀር፣ ውሃውን ችለው ቆመዋል? ልጄ ናን ኤ ለመኝታ ታስቸግርሻለች? በተንሳፋፊው እርሻ ላይ ያለው ቲማቲምስ ቅጠሉ ቢጫ መሆኑን ተወ? እኛ እዚህ ደህና ነን። ምራትሽ ኤ ሚያ ከሆስፒታሉ በር ላይ ጠዋት ጠዋት ትኩስ ሞሂንጋ ታመጣልኛለች። ሾርባው ውስጥ ያለው ዓሣ የሐይቃችንን ዓሣ አይደርስበትም እያልኩ አማርራለሁ፤ ሳህኑን ግን ጠርጌ ነው የምመልሰው።

ኪን ሌ፣ ይህን ለእማዬ ስታነቢላት ቀስ እያልሽ አንብቢ። አስደንጋጭ የመሰለሽን ቦታ አትዝለዪ፤ እሷ የዘለልሽውን ከፊትሽ ታነበዋለች።

እማዬ፣ አጎቴ ፖ ሳን ባለፈው ሳምንት በመንደሩ ሹም ስልክ ደውሎልኝ ነበር። «እናትህ እህል አልቀምስ ብላለች። በገዛ እጄ ዘይት እየቀባሁ ያሳደግኩት ነቀርሳ ነው እያለች ደረቷን ትደቃለች። ብንለምናትም ብንቆጣትም አልሰማ አለችን» አለኝ። ቀጥሎም፣ የእሱን ነገር ታውቂው የለም፣ «ለመሆኑ እግርህ አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። እንግዲህ እግሬ ይኑር አይኑር መንደሩ ሁሉ ሳያውቅ ሰንብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ እሱን ልንገርሽ። እግሬ ዛሬም ከኔ ጋር ነው። እብጠቱ በቀዶ ጥገና ከወጣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። አሁን የሚጠበቀው አንድ ወረቀት ነው። ያወጡት ሥጋ ዙሪያው ንጹሕ ከሆነ እግሬን ይዤ እመጣለሁ፤ በአንድ በኩል እንኳ ነቀርሳው ጫፍ ድረስ ደርሶ ከተገኘ ከጉልበቴ በታች ይቆረጣል። ወረቀቱ ነገ ጠዋት ይደርሳል ብለውናል። እሱን ሳላይ ይህን ደብዳቤ አልዘጋውም።

አሁን ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። የምታውቂውንም ቢሆን ከኔ ስሚው። ከሦስት ዓመት በፊት በቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አተር የምታህል ነገር ስትወጣ ማንም አልደነገጠም። በኛ ሐይቅ ቆሞ በእግሩ የሚቀዝፍ ወንድ ሁሉ መቅዘፊያው የሚፈትገው ቦታ ላይ ጉጥ ያወጣል። አባባም ነበረው። አጎቴ ፖ ሳን «ጉጥ የሌለው ቀዛፊ፣ ጥርስ የሌለው አዞ» ይል የለ? የኔዋ እያደገች ስትሄድ ኩራት ሆነች። ለበዓሉ እሽቅድምድም በረጅሙ ታንኳ ላይ ስንሰለፍ ከኋላዬ የሚቆሙት ተራ በተራ ጎንበስ እያሉ ይነኳት ነበር፤ የመሪውን ጉጥ የነካ እግሩ አይዝልም በማለት። አምና የድርጭት እንቁላል አክላ ሲነኳት ያመኝ ነበር። ጥርሴን ነክሼ አስነካሁ። አንቺም ከእራት በኋላ በሰሊጥ ዘይት እያሸሽ፣ «ልክ እንደ አባትህ፤ ልክ እዚያው ቦታ» ትይኝ ነበር።

ያን ሰሞን ነው በየአምስት ቀኑ ገበያ ክኒንና መርፌ ዘርግቶ የሚቀመጠው ድሬሰር እግሬን ያየው። «ይቺማ የውሃ ከረጢት ናት። ምላጭ አለኝ፣ ማደንዘዣ አለኝ። ዓሣህን ሸጠህ ሳትጨርስ አውጥቼ በመዳፍህ ላይ አስቀምጥልሃለሁ» አለኝ። ለሚቀጥለው ገበያ ተቀጣጠርን። የቀጠሮው ዕለት ወደ ታንኳዬ ስወርድ መቅዘፊያዬ የለም። ቤቱን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አንቺ ምንጣፍሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ቅጠልሽን ታኝኪያለሽ። ለካ ከምንጣፉ ሥር አጋድመሽ ተቀምጠሽበታል። «ጉጡ ከወጣ ቅዝፈቱም አብሮ ይወጣል። የአባቱን ጉጥ በምላጭ የሚያስቀርፍ ልጅ አልወለድኩም» አልሽኝ። ከጎረቤት ልዋስ ስል ደግሞ በመስኮት ብቅ ብለሽ፣ «ለሱ መቅዘፊያ ያዋሰ ሰው ከዛሬ ጀምሮ ከኔ ቤት እሳት አይጭርም» ብለሽ አስታወቅሽ። ማን ይደፍርሻል? መንደሩ ሳቀብኝ። ተናድጄ ሦስት ቀን አላናገርኩሽም።

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ስለ ጉጡ አንቺም አላነሳሽ፣ እኔም አላነሳሁ። በዘንድሮው የውሃ በዓል ሰሞን ግን እግሬን መቅዘፊያው ላይ ስጠመጥም ሕመሙ እስከ ጉልበቴ መውጣት ጀመረ። ኤ ሚያ «ወይ በእግርህ ታውንጂ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ እንደ ቲማቲም ቅርጫት ተሸክሜህ እሄዳለሁ» አለችኝ። ሄድኩ። እዚያ ያለው ወጣት ሐኪም በሁለት ጣቱ ዳሰሰው፣ ወዲያና ወዲህ ሊያንቀሳቅሰው ሞከረ፤ እብጠቱ አልነቃነቅ ሲለው እጁን ሰበሰበ። «እኔ ይህን አልነካውም፤ ሌላም ሰው እንዳታስነካው። ያንጎን ሂድና የሚያውቀው ይየው» ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። አንቺ «ጉጥ ለማሳየት ያንጎን?» ብለሽ ስቀሽ ሸኘሽኝ። እኔም እየሳቅኩ ነው የወጣሁት።

እዚህ ያገኘኋቸው ሐኪም ዶክተር ዊን ፓ ይባላሉ። የእግርና የቁርጭምጭሚት እብጠት ሲያክሙ ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል፤ አጭር ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ግን ከኮሪደሩ ወዲያ ማዶ ይሰማል። ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ የመቅዘፊያ ጉጥ ነው አልኳቸው። እሳቸው ከታች ከወንዙ አገር ስለሆኑ እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው አያውቁም። «መቅዘፊያ እግር ላይ ምን ይሠራል? በእጃችሁ ምን ጎደለና?» አሉኝ። ላስረዳቸው ብሞክር አልገባቸውም። በመጨረሻ የጽዳት ሠራተኛዋን የወለል መወልወያ ተቀብለው እንጨቱን ሰጡኝና «እስቲ ቅዘፍልኝ» አሉኝ። ያለ ውሃ እንዴት ይሆናል ብል፣ «ውሃውን እኔ አስባለሁ፤ አንተ ቅዘፍ» አሉ።

ከመቅዘፌ በፊት ግን ያን ለቁስል የሚቀባ ሐምራዊ መድኃኒት አስመጥተው እንጨቱን ከላይ እስከ ታች ቀቡት። እንግዲህ እማዬ፣ ልጅሽ በያንጎን ሆስፒታል ሱሪውን እስከ ጭኑ ሰብስቦ፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ በመወልወያ እንጨት ሲቀዝፍ አስቢው። በሩ ክፍት ነበርና ሰው ተሰበሰበ። ክንዳቸው የተሰበረ ሽማግሌ «ወዴት ነው ጉዞው? እኔንም አሳፍረኝ እንጂ» አሉኝ። ኤ ሚያ ፊቷን በሻርፕዋ ሸፈነች፤ እየሳቀች ይሁን እያፈረች እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ሃያ ጊዜ ያህል ቀዝፌ ስቆም ሐኪሟ ተንበርክከው እግሬን አዩ። ሐምራዊው ቀለም ከባቴ ጎን ጀምሮ በውጪ በኩል እስከ ተረከዜ ወርዷል። እብጠቱ ያለው በውስጥ በኩል፣ ከአጥንቱ ፊት ለፊት ነው፤ እዚያ ጠብታ ቀለም አልነበረም። «መቅዘፊያህ ይህን ቦታ ነክቶት አያውቅም» አሉኝ። ሳቁ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ሁላችንም ቁርጭምጭሚት ላይ ነው ብለን ተውነው እንጂ በየትኛው በኩል ነው ብሎ የጠየቀ የለም። የአባባ ጉጥ፣ አሁን ሳስታውሰው፣ በውጪ በኩል ነበር። አንቺም ታስታውሻለሽ።

ከዚያ ቆዳውን በመብራት እየመረመሩ፣ «ማንም ቆርጦት አያውቅም?» ብለው ጠየቁኝ። የድሬሰሩንና የመቅዘፊያውን ታሪክ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ያሉኝን ቃል በቃል እጽፍልሻለሁ። «ወደኔ ከሚመጡት ስንቶቹ እንዲህ ያለውን እብጠት ቀድሞ ሌላ ሰው የውሃ ከረጢት ነው ብሎ የከፈተባቸው መሰለህ። ነቀርሳ ሆኖ ሳያውቁ ከከፈቱት ዘሩ በእግሩ ውስጥ ይበተናል፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የምቆርጠው እግሩን ነው። መቅዘፊያው ላይ የተቀመጡትን እናትህን እጃቸውን ሳምልኝ» አሉ።

እኔም ያንን ሁሉ ዘይት አነሳሁላቸው። ዘይት ይህን አያመጣም፣ መቅዘፊያም አያመጣም፤ ከምን እንደሚመጣ እኛም አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም አሉ። የባከነውስ ዓመት ስል ግን አልሸሸጉኝም። ቀድመህ ብትመጣ ኖሮ የማወጣው ሥጋ ያንስ ነበር፤ ዓመቱ ጎድቶሃል አሉኝ። እማዬ፣ ሁለቱንም የጻፍኩልሽ አንዱን ብሸሽግ ሌላውን ስለማታምኚኝ ነው። ደግሞም ያ ዓመት ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው። እግሩ የኔ፣ ሕመሙን የማውቀውም እኔ። ልጆቹ ጉጤን መንካት ይተዋሉ ብዬ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ባለማወቅሽ አሸሽው፤ እኔ እያወቅኩ አሳሸሁት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ ልንገርሽ። በትልቅ ማግኔት የሚሠራ ማሽን ውስጥ አጋድመው እብጠቱ የት ድረስ ሥር እንደሰደደ አዩ። ሳንባዬንም አዩት፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ ናሙና በመርፌ ይወሰድ ሲባል አጎቴ ፖ ሳን «መርፌ የነካው ነቀርሳ ይነቃል» ያለኝን አስታውሼ እንቢ አልኩ። ዶክተር ዊን ፓ አልተቆጡም። በቆዳዬ ላይ በብዕር መስመር አሰመሩና፣ «ኋላ የምቆርጠው በዚህ መስመር ነው። መርፌውን አሁን የምሰደው በዚሁ መስመር ላይ ነው። የገባበትን መንገድ ጭምር ከእብጠቱ ጋር አወጣዋለሁ፤ የሚቀር ነገር የለም» አሉኝ። ድሬሰሩና እሳቸው የሚለያዩት በምላጭና በመርፌ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ከመጀመሪያዋ ቀዳዳ በፊት የመጨረሻዋን ስፌት አስበዋል።

ውጤቱ በአሥራ አንድ ቀኑ መጣ። ነቀርሳ ነው፤ በሥጋና በጅማት መካከል የሚበቅል፣ እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የሚወጣ፣ እግር ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር የሚመስል ነው። ስሙ ረጅም የባዕድ ስም ነው፤ ቢጻፍልሽም ኪን ሌ ምላሷ ይተሳሰራል። ሦስት ሐኪሞች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡና ሁለት መንገድ አሳዩኝ። አንደኛው ከጉልበት በታች መቁረጥ ነው። ሁለተኛው እብጠቱን ዙሪያውን ከከበበው ጤነኛ ሥጋና እግርን ወደ ላይ ከሚያነሳው ጅማት ጋር ማውጣት፣ ጎድጓዳውን ከጭኔ በተወሰደ ሥጋና ቆዳ መድፈን፣ ከዚያ በጨረር ማከም ነው። ሁለተኛውን መርጬ ዙሪያው ንጹሕ ካልሆነ ወደ መጀመሪያው እንመለሳለን። ለራስዎ ወንድም ቢሆን የቱን ይመርጡ ነበር ብዬ ዶክተር ዊን ፓን ጠየቅኳቸው። «እሱን አልመልስልህም፤ የምትቆምበት አንተ ነህ» አሉ። ኤ ሚያን አየኋት። «እኔ ሳገባህ እግርህን አልቆጠርኩም» አለችኝ። ሁለተኛውን መረጥኩ።

ሰባት ሰዓት ፈጀ። የወጣው የዳክዬ እንቁላል ያህላል አሉ። የወጣውን ሥጋ ውጪውን በቀለም ቀብተው፣ በስሱ እየቆራረጡ በአጉሊ መነጽር ያዩታል፤ ነቀርሳው ቀለሙን ከነካ ቀሪ አለ ማለት ነው። ኤ ሚያ ትናንት ወደ ፓጎዳው ሄዳ ስለ እግሬ ስትጸልይ ስስ የወርቅ ቅጠል ለጥፋልኛለች። ዛሬ እዚህ ላይ ላቁም፤ መብራት ሊያጠፉብን ነው።

እማዬ፣ ከላይ ያለው የትናንት ነው። አሁን ረፋድ ላይ ነው።

ዶክተር ዊን ፓ ጠዋት ወረቀቱን በእጃቸው ይዘው መጡ። ከበር ላይ ፊታቸውን ልመለከት ብሞክር ምንም አይነበብበትም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «ዙሪያው ንጹሕ ነው። እግርህ ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ እሳቸው የሚሉትን ሁሉ ማለት ስላለባቸው ቀጠሉ፤ በአንድ በኩል ንጹሑ ሥጋ የሩዝ ፍሬ ውፍረት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቁስሉ ሲድን ጨረሩን ስድስት ሳምንት ያለማቋረጥ እወስዳለሁ፤ ከዚያም ለዓመታት በየጥቂት ወሩ እየመጣሁ እግሬንና ሳንባዬን እታያለሁ። ነቀርሳው ተመልሶ አይመጣም ብለው አልማሉልኝም። እኔ ግን «እግርህ ያንተ ነው» ካሉኝ በኋላ ብዙውን አልሰማሁትም፤ የጻፍኩልሽ ኤ ሚያ ደግማ የነገረችኝን ነው። እሷ እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች፤ ሐኪሟ ሲወጡ ግን ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኚያ ክንዳቸው የተሰበረው ሽማግሌ፣ አሁን የጎን አልጋ ጎረቤቴ ናቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ሰውየው እኮ እግሩን አገኘ እንጂ አላጣ» ብለው ሸንኮራ ሰጧት።

የሚቀጥለውን ልብ ብለሽ ስሚኝ። እግርን የሚያነሳው ጅማት ወጥቷል። መራመድ እችላለሁ፤ መጀመሪያ በምርኩዝ፣ በኋላም ያለ ምርኩዝ። ቀኝ እግሬ ግን ከእንግዲህ መቅዘፊያ አይጠመጥምም፤ በግራ ልቅዘፍ ብልም ቀኙ የሚንቀጠቀጥ ታንኳ ጫፍ ላይ ብቻውን አያቆመኝም። አጎቴ ፖ ሳን ለጥቅምቱ በዓል የመሪውን ቦታ ለማን እንደሚሰጥ ያስብበት። ለሰው ሁሉ ከመንገሩ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርግ። ከታንኳችን ልጆች ጉጥ ያላቸውን አሰልፎ ይያቸው። የሚያድግ፣ ጠልቆ የተቀመጠ፣ ሲገፉት የማይነቃነቅ፣ ወይም መቅዘፊያ ከማይደርስበት የወጣ ካለ ወደ ታውንጂ ይሂድ እንጂ ለድሬሰሩ እንዳይሰጡት። ጉጥ መንካቱም ይቅር። እድል ከፈለጉ የአጎቴን ራሰ በራ ይንኩ።

ኪን ሌ፣ አንቺን በጉንጭሽ እስምሻለሁ፤ ይህን ሁሉ ሳትዘልዪ ማንበብሽን ኤ ሚያ ስመለስ ታጣራለች። ልጄን ናን ኤን አባትሽ አዲስ ቆዳ አለው፣ ከጭኑ ተቆርጦ እግሩ ላይ የተሰፋ፣ ሲመጣ ያሳይሻል በያት። አጎቴን፦ እግሬ አለ፤ ስልኩ ነው የጠፋው። መቅዘፊያ ሊያውሰኝ ፈልጎ እሳት መከልከሉን የፈራው ጎረቤታችንም ሰላም ይበልልኝ። ባለፈው የላካችሁት የደረቀ ዓሣ ደርሶን ዋርዱ በሙሉ በልቶታል፤ ነርሶቹ ሽታውን ሰድበው ሥጋውን ጨርሰዋል።

እማዬ፣ አሁን ላንቺ ብቻ። ያለ ሐይቁ መኖር አልችልም፤ ውሃው ላይ ለመኖር ደግሞ መቅዘፍ ግድ ነው። ስለዚህ እንደ ሴቶቹ ከታንኳው አፍንጫ ተቀምጬ በእጄ ልቀዝፍ ነው። ወንዶቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። የኔ እጅ ግን በዚህ ሥራ ገና ፊደል አልቆጠረም፤ አንቺ ከሰባት ዓመትሽ ጀምሮ ቀዝፈሽበታል። ስመጣ ከፊትሽ ቦታ ልቀቂልኝና አስተምሪኝ። ሁለታችንን ይዞ ለሚሄድ ታንኳ ብርቱ ክንድ ያስፈልግሻል። ኪን ሌ ይህን አንብባ ስትጨርስ እህል አቅርቢልኝ በያት፤ ብዪም።

ልጅሽ ቴት ሉዊን

ያንጎን፣ ሁለተኛው የዋሶ ወር ጨረቃ ከሞላች በአምስተኛው ቀን፣ 1374 በበርማ አቆጣጠር